የሂዩስተኑ አስትሮዶም፦ ኳስ የደበቀ ጣሪያ፣ ብርሃን ያጣ ሳር

በ1965 የአሜሪካዋ ሂዩስተን ከተማ ጣሪያ ያለው ትልቅ የቤዝቦል ስታዲየም ከፈተች። ሜዳው፣ ሳሩ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች፣ ሁሉም አንድ ጉልላት ሥር ሲገባ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ስሙ አስትሮዶም ይባላል። በተከፈተ በዓመቱ የጣሪያው ብርሃን ማስገቢያ በቀለም ተቀብቷል፣ ሳሩ ሞቷል፣ በቦታው ደግሞ ከፕላስቲክ የተሠራ ሳር መነጠፍ ጀምሯል።

ይህን ጉዳይ ልጽፈው የፈለግሁት አንድ መፍትሔ ሌላ ችግር ሲወልድ እንዲህ ደረጃ በደረጃ የሚታይበት ሕንፃ ብዙ ስለሌለ ነው። በግንባታና በዲዛይን ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ሂዩስተን ለሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ቅርብ የሆነች ዝቅተኛ ከተማ ናት። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሙቀቱ በቀን ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ከሙቀቱ ይልቅ ሰውን የሚያንገላታው ወበቁ ነው። ልብስ ሰውነት ላይ ይጣበቃል፣ ጥላ ሥር ቢቆሙም እፎይታ የለም። ከዚያ ላይ ትንኙ አለ።

የቤዝቦል ወቅት ደግሞ ልክ በዚያው ጊዜ ነው። በዋናው ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ግማሹ፣ 81ዱ፣ በገዛ ሜዳው ነው። አንድ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ተኩልም ሦስት ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። ተመልካቹ ያን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው።

ሂዩስተን በ1960 በዋናው ሊግ ቡድን እንዲኖራት ሲፈቀድላት አዲስ ስታዲየም እንደምትሠራ ቃል ገብታ ነበር። ስታዲየሙ እስኪያልቅ ከ1962 እስከ 1964 ቡድኑ በአንድ ጊዜያዊ ሜዳ ተጫወተ። ጣሪያ የሌለው፣ ፀሐዩ በቀጥታ የሚያርፍበት ሜዳ ነበር። በሙቀት የሚዝለፈለፍ ተመልካች ነበር፤ ለትንኙም መድኃኒት ይረጭ ነበር። በ1963 ሊጉ ለሂዩስተን የእሁድ ጨዋታን ማታ እንድታደርግ ፈቀደላት። እሁድ ማታ መጫወት በዋናው ሊግ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ነው። የተፈቀደውም በሙቀቱ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጣሪያ ማድረግ የሚለው ሐሳብ ለታይታ ብቻ የመጣ አልነበረም። በእርግጥ የቡድኑ ዋና ባለቤት፣ የቀድሞ የከተማዋ ከንቲባ፣ ትልልቅ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ችግሩ ግን እውነተኛ ነበር። ይህን ማለት የፈለግሁት ጉዳዩን ሲያነሱ ከመጀመሪያው ስሕተት ነበር የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። በዚያ ወበቅ ተመልካቹን 81 ጨዋታ ገላጣ ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ነበር ስሕተቱ።

ንድፉ

ስታዲየሙ ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። ገንዘቡ በአብዛኛው የተገኘው ሂዩስተን ያለችበት አውራጃ፣ የሃሪስ ካውንቲ፣ ነዋሪዎች በድምፃቸው ባጸደቁት ቦንድ ነው። ሥራው በጃንዋሪ 1962 ተጀመረ። ሜዳው ከአካባቢው መሬት ከ7 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተቆፈረ። በላዩ 196 ሜትር የሚሰፋ የብረት ጉልላት ተደፋበት፤ መሐል ላይ አንድም ምሰሶ የለውም። ከሜዳው እስከ ጉልላቱ ጫፍ 63 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከፍታ የተመረጠው ወደ ላይ የተመታ ኳስ ጣሪያውን እንዳይነካ ታስቦ ነው። ውስጡ በማቀዝቀዣ ወደ 22 ዲግሪ እንዲሆን ተደረገ።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። ንድፍ አውጪዎቹ ሜዳው የተፈጥሮ ሳር እንዲኖረው ፈልገዋል። በዚያን ጊዜ ለሙያ ተጫዋቾች የሚሆን ሌላ አማራጭም አልነበረም። ሳር ካለ ፀሐይ የግድ ነው። ስለዚህ ጉልላቱ ላይ ሉሳይት ከሚባለው አክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠሩ 4,596 ብርሃን ማስገቢያዎች ተገጠሙ። ፕላስቲኩ ፀሐዩን እንዳለ አያሳልፍም፤ ሰባብሮ ይበትነዋል። እንዲህ የተደረገው ብርሃኑ ሜዳው ላይ ለሳሩ እኩል እንዲዳረስ ነው። ለሳሩም ቲፍዌይ 419 የሚባል የቤርሙዳ ሳር ዓይነት ተመረጠ፤ ቤት ውስጥ ይበቅላል ተብሎ።

ወረቀቱ ላይ ሁሉም ልክ ነው። ጣሪያው ለሳሩ ብርሃን ይሰጣል፣ ማቀዝቀዣው ለሰው ይመቻል፣ ከፍታው ለኳሱ ይበቃል።

ችግሩ

ቤዝቦል ለማያዘወትር አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። መቺው ኳሱን በዱላ ወደ ላይ ሲያነሣው ከሜዳው ጀርባ የቆመ ተጫዋች ሮጦ፣ መሬት ሳትነካ በጓንቱ መቅለብ አለበት። ከቀለባት መቺው ወጣ። ካመለጠችው መቺው ይሮጣል፣ ነጥብም ሊገባ ይችላል። ተጫዋቹ ገና ዱላው ድምፅ ሲያሰማ ነው መሮጥ የሚጀምረው። ዓይኑን ከኳሷ አይነቅልም። ኳሷ ነጭ ናት፣ በጭብጥ የምትያዝ ናት። ከላይ ስትወርድ ፊት ብትመታ ጉዳት ታደርሳለች።

ከምርቃቱ በፊት በነበረ የቀን ልምምድ ላይ ተጫዋቾቹ ቀና ብለው ኳሷን ፈለጉ፤ አጧት። ከላያቸው ያለው ሰማይ አይደለም። ጥቁር የብረት መረብ ነው፤ በየዓይኑ መሐል የሚያንጸባርቅ ነጭ ፕላስቲክ አለ። ብርሃንን የሚበትነው ፕላስቲክ ራሱ መብራት ሆኗል። ኳሷ ከብሩሁ ወደ ጥቁሩ፣ ከጥቁሩ ወደ ብሩሁ ታልፋለች። ነጩ ላይ ስትደርስ ትጠፋለች፣ ብረቱ ላይ ስትደርስ ብልጭ ትላለች፣ እንደገና ትጠፋለች። ዓይን ለአንዱ ብርሃን ሳይለምድ ሌላው ይመጣበታል። በሳር ክዳን ሽንቁር በኩል ፀሐይ እያየ ዝንብ ለመከተል የሞከረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ተጫዋቹ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ይጎነበሳል፤ ኳሷ ጥቂት ሜትር ርቃ መሬት ላይ ትወድቃለች።

ማታ ግን ችግር የለም። ኤፕሪል 9 ቀን 1965 የተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ማታ ነበር። የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ተገኝተው ነበር። ጨዋታው ደህና አለፈ። የመጀመሪያው ይፋዊ የሊግ ጨዋታም ማታ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ቀን ላይ ለሚደረጉት ጨዋታዎች ግን ቶሎ መፍትሔ ማግኘት ነበረባቸው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ የተሞከረው ቀላሉና ርካሹ ነው። ለተጫዋቾቹ ጥቁር መነጽር ተሰጣቸው። ኳሷም በብርቱካንማና በሌሎች ደማቅ ቀለሞች ተቀብታ ተሞከረች። አልሆነም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ችግሩ የብርሃን ብዛት ብቻ ቢሆን መነጽሩ ይበቃ ነበር። የኳሷ ቀለም ብቻ ቢሆን ቀለም መቀየር ይበቃ ነበር። ያስቸገረው ግን የብሩሁና የጥቁሩ መፈራረቅ ነው። መነጽር ሁለቱንም እኩል ያጨልማል፤ ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል።

ቀጥሎ ወደ ጣሪያው ወጡ። የፕላስቲኩን ውጫዊ ገጽ ነጣ ባለ ቀለም ቀቡት። ይህኛው ሠራ። የሚያንጸባርቀው ነገር ደበዘዘ፣ ተጫዋቾቹ ኳሷን ማየት ቻሉ፣ የቀን ጨዋታ ቀጠለ።

ሳሩ ግን የተተከለው በዚያ ብርሃን ተስፋ ነው። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ የሚደርሰው ብርሃን ለሳሩ አልበቃም። እየገረጣ፣ እየሳሳ፣ እየደረቀ ሄደ። ወቅቱ ሳያልቅ ሜዳው የደረቀ ሳርና አፈር ሆነ። ያን አረንጓዴ ቀለም እየቀቡ ወቅቱን ጨረሱ። ከሩቅ ለሚያይ ተመልካች አረንጓዴ ሜዳ ነው። የሚሮጥበት ተጫዋች ግን የሚያውቀው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልበል። ጣሪያውን ለመቀባት የወሰኑት ሰዎች ሳሩ እንደሚጎዳ ሳይገምቱ የቀሩ አይመስለኝም። ፀሐይ የከለከሉት ሳር እንደሚሞት ለማወቅ አትክልተኛ መሆን አያስፈልግም። ግን ሰው በኳስ እንዳይመታ ማድረግና ሳር ማትረፍ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ምርጫው ቀላል ነው። ውሳኔውን ትክክል እለዋለሁ። ችግሩ ያ ምርጫ ሕንፃው ካለቀ በኋላ መምጣቱ ነው።

ፕላስቲክ ሳር

መፍትሔው ከሌላ በኩል መጣ። ሞንሳንቶ የሚባለው የኬሚካል ኩባንያ በሥሩ ባለ ኩባንያ አማካይነት ከናይሎን ክር የተሠራ ሰው ሠራሽ ሳር እያዘጋጀ ነበር። መነሻ ሐሳቡ ሳር የሌላቸው የከተማ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ እንዲያገኙ ነው። በ1964 ሮድ አይላንድ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ተነጥፎ ነበር። ከዚያ ውጪ ብዙም አይታወቅም። በሙያ ቤዝቦል ደረጃም ተሞክሮ አያውቅም።

በ1966 ወቅት መጀመሪያ ላይ አስትሮዶም ውስጥ ተነጠፈ። ኩባንያው ያመረተው ግን ለሙሉ ሜዳ አልበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ የለበሰው ለመቺው የሚቀርበው የውስጥ ሜዳው ነው። የውጭ ሜዳው እስከ ጁላይ ድረስ ያው ቀለም የተቀባ ደረቅ መሬት ሆኖ ቆየ። አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት መሬት ማለት ነው። ኳሷ አንዱ ላይ ፈጥና ትነጥራለች፣ ሌላው ላይ ትያዛለች።

ምርቱ በስታዲየሙ ስም አስትሮተርፍ ተባለና ዓለም በዚያ ስም አወቀው። ሰፋፊ ሆኖ በጥቅልል ይመጣል። ጥቅልሎቹ እርስ በርሳቸው በዚፕ ይያያዛሉ። ሌላ ዝግጅት ሲኖር ዚፑ ይፈታል፣ ሳሩ ተጠቅልሎ ይወሰዳል። የሚታጨድ ነገር የለም። የሜዳ ሠራተኞቹ በቫኪዩም ክሊነር ያጸዱታል። ሂዩስተን የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ከተማ ስለሆነች ሠራተኞቹን የጠፈርተኛ ልብስ አልብሰዋቸው ነበር።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ጉልላቱ ሠርቷል። የተፈራው ይህ ነበር፤ ያን ያህል ስፋት ያለ ምሰሶ መሸፈን። ዛሬም ቆሟል። ማቀዝቀዣውም ሠርቷል። ሰው በምቾት ተቀምጦ ጨዋታ ማየት ቻለ። ቡድኑ እስከ 1999 ድረስ እዚያው ተጫውቷል።

ከፍታው በአብዛኛው በቂ ሆነ። ሆኖም በ1974 አንድ የፊላደልፊያ መቺ የመታት ኳስ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ የነበረ ድምፅ ማጉያ መታች። ከመሬት 35 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር። ኳሷ እዚያው ወደቀች፤ መቺው የሚገባውን ሳያገኝ አንድ ቤዝ (መቺ እየሮጠ ከሚደርስባቸው ማረፊያዎች አንዱ) ብቻ ተቆጠረለት። ጣሪያው ለኳስ ተለክቷል፤ ጣሪያው ላይ የሚሰቀለው ዕቃ ግን አልተለካም።

ሰው ሠራሽ ሳሩ የሂዩስተንን ችግር ፈታ። ለብርሃን ደንታ የለውም፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው። ለተጫዋች ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጎን ሲወድቁ ቆዳ ይልጣል። ከሥሩ ያለው ጠንካራ ስለሆነ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ኳሷ ትፈጥናለች፤ ተከላካዮች ወደ ኋላ ርቀው መቆም ጀመሩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሌሎች ከተሞች ጣሪያ ለሌላቸው ስታዲየሞች ሳይቀር እንዲህ ያለ ሳር ገዙ። በ1970 ብቻ ሴንት ሉዊስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሲንሲናቲና ፒትስበርግ ላይ ተነጥፏል። ፀሐይ በሞላበት፣ ሳር በሚበቅልበት ቦታ። ለእንክብካቤ ይቀላል፣ የቤዝቦልና የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታዎችን በአንድ ሜዳ ለማፈራረቅ ይመቻል ተብሎ። ፀሐይ ላይ ፕላስቲኩ ከሳር ይልቅ እጅግ ይግላል። ተጫዋቾች በጫማቸው ሶል በኩል ይሰማቸው ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ በ1979፣ ካንሳስ ሲቲ በ1995፣ ሴንት ሉዊስ በ1996 ወደ ተፈጥሮ ሳር ተመለሱ። አንድ ጣሪያ ሥር በግድ የመጣ መፍትሔ ጣሪያ ለሌለው ሜዳ ሲወሰድ ለምን እንደመጣ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባ ሰፈሮች ውስጥ ልጆች የሚጫወቱባቸው አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሜዳዎችም የዚያ ሳር የልጅ ልጆች ናቸው። ክሩም ሥሩም በጣም ተሻሽሏል። ቀትር ላይ መጋሉ ግን አልቀረም፤ በባዶ እግሩ የረገጠ ልጅ ያውቀዋል።

ሕንፃው ከዚያ ወዲህ

ቡድኑ በ2000 ተከፋች ጣሪያና የተፈጥሮ ሳር ወዳለው አዲስ ስታዲየም ሄደ። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች አስትሮዶም ውስጥ ተጠለሉ። ለጨዋታ የተሠራው ምሰሶ አልባ ወለል ለአልጋ ሆነ። በ2013 ሕንፃውን ለማደስ የቀረበውን 217 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ነዋሪዎች በድምፅ ጣሉት። በ2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። አይፈርስም፣ አያገለግልም፣ እንዳለ ቆሟል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ጣሪያው ለነፋስ፣ ለክብደት፣ ለሳር ብርሃን ተሰልቷል። ሳሩ ለቤት ውስጥ ተመርጧል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ሥራ ነው። ያልተሞከረው ሰው እዚያ መሐል ቆሞ፣ ቀትር ላይ፣ ቀና ብሎ ነጭ ኳስ ሲከተል ምን እንደሚያይ ነው። ለዚህ ሙሉ ጉልላት አያስፈልግም። ጥቂት የፕላስቲክ ቁራጭ በብረት ፍሬም ላይ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ከሥሩ ኳስ መወርወር ይቻል ነበር። ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ፣ ፋብሪካ የሚሠራ ሰውም ብርሃን ማስገቢያ ከመግጠሙ በፊት ሠራተኛው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሚሠራበት ሰዓት ቢያየው ብዙ ወጪ ይድናል። አስትሮዶም ላይ ማታ የመጣ ሰው ምንም ችግር አላየም። የሚፈተሸው በሚከብደው ሰዓት ነው።

ነገሩ በአስትሮዶም አላበቃም። ሚኒያፖሊስ በ1982 በአየር ግፊት የሚቆም ነጭ የጨርቅ ጣሪያ ያለው ስታዲየም ከፈተች። ኳሷም ነጭ፣ ጣሪያውም ነጭ። ተጫዋቾች ለዓመታት ኳስ ሲጠፋባቸው ኖሩ። የሂዩስተን ታሪክ ከወጣ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። የሳሩን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ የኳሷን ታሪክ ግን ለቀጣዩ ንድፍ አውጪ ያቀበለው ሰው ያለ አይመስልም። ሥራ ካለቀ በኋላ ያልሠራውን ነገር ጽፎ ማስቀመጥ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ነገር፣ የሚከፈት ጣሪያ ችግሩን ጨርሶ አልፈታውም። ፊኒክስ በ1998 ተከፋች ጣሪያና የተፈጥሮ ሳር ያለው ስታዲየም ሠራች። ሳሩ እንዲያድግ ቀን ጣሪያው ይከፈታል፤ የበረሃው ሙቀት ይገባል። ከጨዋታ በፊት ይዘጋል፤ ያን ሁሉ አየር ማቀዝቀዝ ግድ ይሆናል። በ2019 ሳሩን አንሥተው ሰው ሠራሽ አነጠፉ። ማያሚም በ2020 እንዲሁ አደረገች። በዚያው ዓመት ቴክሳስ አርሊንግተን ውስጥ የተከፈተው አዲስ ስታዲየም ገና ከንድፉ ሰው ሠራሽ ሳር ነው የመረጠው። ዛሬ በዋናው ሊግ ሰው ሠራሽ ሳር ያላቸው ስታዲየሞች ሁሉ ጣሪያ ያላቸው ናቸው።

በሌላ በኩል የሄደችው ሲያትል ናት። በ1999 የከፈተችው ስታዲየም ጣሪያ እንደ ጃንጥላ ሜዳው ላይ ይዘረጋል፣ ጎኖቹ ግን ክፍት ናቸው። ዝናብ ያስቀራል፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ዝናብ ከሌለ ተነሥቶ ወደ ጎን ይገፋል። ሳሩ የተፈጥሮ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ጣሪያው የሚሠራው ለአንድ ነገር ብቻ ስለሆነ። ሲያትል ግን ቀዝቃዛና ዝናባማ ናት። ሂዩስተን ላይ ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ቢሠራ ዝናቡን ያስቀር ነበር፤ ወበቁና ትንኙ ግን በጎን ይገቡ ነበር።